ሐሙስን የለካው ሰው

ወንድሜ ቀናተኛ ነው። እህት ስለ ወንድሟ እንዲህ አትልም የሚል ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ፤ እኔ ታላቁ ነኝ፣ እላለሁ። እሱ ራሱም አይክድም። ቅናት በቤታችን እንደ አፍንጫ የሚወረስ ነገር ነው። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እናታችን ገበያ በወጣች ቁጥር ከኋላ ከኋላዋ የሚሄድ ሰው ነበር። ዞር ብላ ስታየው "መንገዴ ነው" ይላል። አናጢ ነበር፤ እንጨት የሚገዛው በሌላው የከተማው ጫፍ ስለሆነ ያ መንገድ መንገዱ አልነበረም። ወንድሜ አፍንጫውንም ቅናቱንም ጠቅልሎ ወሰደ። ለእኔ የደረሰኝ ምላሱ ነው፤ ባል ሳላገባ የቀረሁትም በዚያው ምላስ ነው ይላሉ፣ ይበሉ።

ሙያው ቅየሳ ነው። መንገድ ሊወጣበት ወይም ህንጻ ሊቆምበት በታሰበ ቦታ ላይ ባለሶስት እግር መሳሪያውን ይተክላል፤ በመነጽሩ አነጣጥሮ ያያል፤ ከዚህ እስከዚያ ያለውን ርቀት ሳይንቀሳቀስ ያወጣል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከአንድ ቤት ሁለት ለኪዎች ወጣን፤ እኔ ወገብ፣ እሱ መሬት። ሰፈሩ "ሜትሩ" ይለዋል፣ እሱም ስሙን ይወደዋል። ሻይ ቤት ገብቶ ጠረጴዛው ከተወላገደ እግሩ ስር ወረቀት ሳያጥፍለት አይጠጣም። ሰው ቤት ሄዶ ግድግዳ ላይ ያለ ፎቶ ካዘነበለ ከሰላምታው በፊት ፎቶውን ያቃናል።

ሚስቱ ጤና ጣቢያ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ቀኑን ሙሉ ጭንቅላት በማታሳልፍ መስኮት በኩል የሰው ደምና ሽንት ትቀበላለች፣ በዚያችው መስኮት ውጤት ትሰጣለች። ከውጭ የሚታየው እጇ ብቻ ነው። ለዓመታት የመረመረቻቸው ሰዎች መንገድ ላይ ቢያገኟት አያውቋትም። ማታ ቤቷ የምትገባው ንግግር አልቆባት ነው፤ ወንበር ስባ እግሯን ታሻለች፣ ሜትሩ ውሎውን ያወራል፣ እሷ "እህ" ትላለች። ክፉ ኑሮ አልነበረም። ይዋደዳሉ፣ ይተሳሰባሉ። ሳቅ ግን በዚያ ቤት እንደ ሩቅ ዘመድ ነበር፤ በዓመት አንዴ ብቅ ቢል ነው።

አንድ ቀን ጥርሷን አሟት ሄደች። ጥርስ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ አፏን አስከፍታ፣ መልስ መስጠት በማትችልበት ሰዓት፣ ስለ አንድ ማህበር አወራቻት። የወጣት ባለሙያዎች ማህበር ይባላል። ሐሙስ ሐሙስ ከስራ በኋላ ከጽህፈት መሳሪያ መደብሩ በላይ ባለው አዳራሽ ይሰበሰባሉ። አስተማሪ አለ፣ የሂሳብ ሰራተኛ አለ፣ ነርስ አለ፣ ኮምፒዩተር የሚጠግን አለ፤ ዕድሜው ከሠላሳ አምስት ያላለፈ ሁሉ መግባት ይችላል። ትምህርት ቤት እየዞሩ ለተማሪዎች ስለ ሙያቸው ያስረዳሉ፣ ስራ ላጣ ምሩቅ ስራ ያፈላልጋሉ፣ የቀረውን ሰዓት ሻይ እየጠጡ ይሳሳቃሉ። "ነይ፣ አትጸጸቺም" አለቻት። አፏ ተከፍቶ ነበርና እምቢ ማለት አልቻለችም።

ማህበሩ አንድ ልማድ አለው። አዲስ የገባ ሰው የሙያውን እቃ ይዞ መጥቶ ለሁሉም ያሳያል፤ "እጅ ማሳያ" ይሉታል። የወንድሜ ሚስት ማይክሮስኮፕ ይዛ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ከነበረው የአበባ ማስቀመጫ አንድ ጠብታ ውሃ ወስዳ መስታወት ላይ አደረገችና "ኑ፣ እዩ" አለቻቸው። ተሰለፉ። በጠብታዋ ውስጥ የሚርመሰመሰውን ሲያዩ አንዳንዱ ጮኸ፣ አንዳንዱ ሻዩን አስቀመጠ። ጠየቋት፣ መለሰች፣ ደግመው ጠየቋት። ያን ማታ እኔ ቤታቸው ነበርኩ። ደረጃውን እየሳቀች ነው የወጣችው። ሜትሩ በሩን ሲከፍት የሌላ ሰው ሚስት በስህተት የመጣች ያህል ፈዞ አያት።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ የሷ ቀን ሆነ። የትምህርት ቤት ኮሚቴውን እንድትመራ መረጧት። የትኛው ትምህርት ቤት መቼ እንደሚኬድ፣ ማን ምን እንደሚያስረዳ የምትወስነው እሷ ሆነች። አንድ ቀን ሱቄ መጥታ "እትዬ፣ ጥልቅ ኪስ ያለው ቀሚስ ስፊልኝ፤ ጠመኔ የምይዝበት" አለችኝ። ሰፋሁላት። ሜትሩ ቀሚሱን አየ፣ ኪሱን አላየም።

በዚያ ላይ ሊቀመንበሩ የሚባል ሰው በቤታቸው ወሬ ውስጥ መኖር ጀመረ። ሊቀመንበሩ እንዲህ አለ፤ ሊቀመንበሩ እንዲህ አድርጎ አሳቀን። የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ረጅም፣ ጥርሰ ነጭ። ወንድሜ በሚስቱ ፊት "ሊቀመንበሩ" ይላል፣ እኔ ጋ ሲመጣ "ያ የከብት ሐኪም" ይላል። ስለ ሰውየው ሲያወራ የእጁን ጣቶች አንድ በአንድ ያንቋቋል። ያን የጣት ድምጽ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ የአባታችን ነው።

ነገሩን ያባባሰው ስራው ነው። ከአዳራሹ ፊት ለፊት አዲስ ህንጻ እየተሰራ ነበር፤ የቅየሳው ስራ ለሱ ደረሰ። አንድ ሐሙስ ሰራተኞቹ ሲወጡ እሱ አራተኛ ፎቅ ላይ ቀረ። ገና አልመሸም። የአዳራሹ መስኮቶች ለሙቀቱ ተከፍተዋል። መሳሪያውን ወደ መስኮቱ አዞረና ዓይኑን መነጽሩ ላይ ደቀነ። ሚስቱን አገኛት። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ሳቋ አይሰማም፣ ይታያል ብቻ። አጠገቧ ያ ረጅሙ ሰውዬ ተቀምጧል።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

"እትዬ፣ ሰማንያ ሁለት ሳንቲ ሜትር" አለኝ።

"ምኑ?"

"በሷና በዚያ በከብት ሐኪም መካከል።"

"ወንበር ለወንበር ነው ወይስ ትከሻ ለትከሻ?" አልኩት። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ልኬት ሲነገረኝ ከየት እስከ የት እንደሆነ ሳልጠይቅ አላልፍም።

"ወንበር ለወንበር። ትከሻውን ልለካ ስል ወደ ጆሮው ተጠግታ የሆነ ነገር አለችው። መሳሪያው አልያዝልህ አለኝ።"

"እንኳንም አልያዘልህ። አንተ ልጅ፣ አባትህ እኮ ቢያንስ በእግሩ ነበር የሚከተለው።"

አልሳቀም። በሚቀጥለው ሐሙስም ለካ። ወንበሮቹ ተቀራርበዋል አለኝ፤ ቁጥሩን ሊነግረኝ ሲጀምር የስፌት መኪናዬን አንቀሳቀስኩበት። ድምጹ እስኪያልፍ ጠበቀ። ከስቷል፣ ጺሙን አልተላጨም፤ አፍንጫው ብቻውን የቀረ ይመስላል።

"ልትሄድብኝ ነው" አለኝ። "እዚያ እንደዚያ ትስቃለች፤ እኔ ጋ ስትመጣ እህ። ሳቋን እዚያ ጨርሳው ነው የምትመጣው።"

"ወይ ጠይቃት፣ ወይ ተዋት" አልኩት። "ሰርቀህ ማየት ግን ይብቃህ፤ ያ ዕቃ ለመሬት ነው የተሰራው።"

እሱ ሁለቱንም ትቶ ሶስተኛ መንገድ አገኘ። ማህበሩ ውስጥ ልግባ አለ። ዕድሜው ሠላሳ አራት ነው፤ በሩ ሊዘጋበት ትንሽ ሲቀረው መሆኑ ነው። ለሚስቱ ሲነግራት እግሯን ማሸት አቆመችና "ሐሙስን?" አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ለእኔ ግን መጥታ ተናገረች። የሚጠገን ዚፕ ይዛ ነው የመጣችው፤ ዚፑ ደህና ነበር።

"እትዬ፣ እሱ ቢመጣ ደስ ሊለኝ ይገባል አይደል?"

"ደስ ይልሻል?"

ዚፑን ከፈተች፣ ዘጋች። "ሐሙስ የኔ ነበረች" አለች። "ሌላ ምንም የለኝም። ጤና ጣቢያው የሰው ነው፣ ቤቱ የሁለታችን ነው። እዚያ ስሄድ ግን... ሰው ያየኛል።"

"እንዲህ ብለሽ ንገሪው።"

"ሜትሩን አታውቂውም? አትምጣ ካልኩት የምደብቀው ነገር ያለ ይመስለዋል። ና ካልኩት አለቀልኝ።"

ልክ ነበረች። ወንድሜን እንደሷ የሚያውቀው ሰው የለም። ና አለችው።

የመጀመሪያው ሐሙስ ገብቶ በሷና በሊቀመንበሩ መካከል ተቀመጠ፤ ሌላ የት ይቀመጣል? ሊቀመንበሩ እጁን ዘረጋለትና ፊቱን ወደ ጎን አዞረ። "ወንድም፣ በዚህኛው ጆሮዬ ንገረኝ፤ ያኛው ከልጅነቴ ጀምሮ አይሰማም" አለው። ሜትሩ ዙሪያውን ሲያይ ሁሉም ሰውየውን የሚያናግሩት እንደዚያው ነው፤ ወንዱም ሴቱም ወንበሩን ስቦ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ አፉን ጆሮው ላይ አስጠግቶ። እሱም ስሙን ለመናገር ዘንበል አለ። በመሳሪያ ቢለካ ከሷ ይልቅ የቀረበው እሱ ነበር።

በነጋታው እየሳቀ መጣ። "ለካ አይሰማም፣ እትዬ። ጆሮው ነው። ጆሮው ብቻ።"

"እንግዲያ ቅናትህ አለቀ?"

"አለቀ" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ የጣቶቹን ድምጽ ሰማሁ። "ግን ለሱ ብቻ እኮ አይደለም የምትስቀው። ለጥርስ ሐኪሟ ትስቃለች። ለኮምፒዩተር ጠጋኙ ትስቃለች። ሻይ የሚቀዳው ሰውዬ ስኳሩን አፈሰሰ፣ ለሱም ሳቀች። ከኔ በቀር ለሁሉም ጥርስ አላት።"

አየሁት። የከብት ሐኪሙን ሲጠላ ይሻል ነበር፤ አንድ ሰው ነው፣ ይጠሉታል ያልቃል። አሁን የቀናው በአዳራሹ ነው፣ በወንበሩ፣ በሻይ ማንቆርቆሪያው፣ በፈሰሰው ስኳር። እውነተኛው በሽታው ይሄ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ነገረኝ።

ቀጥሎ የሆነውን ማንም አልጠበቀም፤ ማህበሩ ወንድሜን ወደደው። በትምህርት ቤት ጉዞ ላይ ተማሪዎቹን ሜዳ አውጥቶ የዛፉን ቁመት ሳይወጡበት እንዲለኩ ሲያደርግ ልጆቹ አንለቅህም አሉት። አዳራሹ ውስጥ የተወላገዱትን ጠረጴዛዎች ሁሉ አቃና። ቀልድ እንዳለው እኔም አላውቅም ነበር። ሐሙስ በመጣ ቁጥር እሱ ይጫወታል፣ ሚስቱ ደግሞ ትንሽ ትንሽ እያለች ዝም ትላለች። ጥያቄ ሲመጣላት እሱ ይመልስላታል። በቅናት አልነበረም፤ ደስ ብሎት ነው። ያ ነው የባሰው።

በመጨረሻ የእጅ ማሳያው ቀን ደረሰ። መሳሪያውን ተሸክሞ ሄደ፣ አዳራሹ መሀል ተከለው፣ አባላቱን በየተራ በመነጽሩ አሳያቸው። በመስኮቱ በኩል ያን ያላለቀ ህንጻ አዩ፤ የጡብ ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። ተደነቁ። ጥርስ ሐኪሟ "ታዲያ ከዚያ ሆኖ እኛን ማየት ይቻላል ማለት ነዋ" አለች።

እዚህ ላይ ዝም ያለ ሰው ይድናል። ወንድሜ ግን ሙያው ተጠየቀ፤ ስለ ሙያው ተጠይቆ ዝም ማለት አልፈጠረበትም። "ማየት ብቻ?" አለ ደረቱን ነፍቶ። "አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ የሊቀመንበሩ ወንበርና የባለቤቴ ወንበር ስንት እንደሚራራቁ ለክቻለሁ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቀልድ መሰላቸው። ሊቀመንበሩ ምን አለ እያለ ደህናውን ጆሮውን አዞረ፤ ሲነገረው ከሁሉም በላይ እሱ ሳቀ።

"ስንት ነበር?" አለች ሚስቱ።

ለጨዋታው ማድመቂያ የጠየቀች ስለመሰላቸው ሁሉም መልሱን ጠበቁ። እሱም በዚያን ጊዜ ገብቶታል፤ ፊቱ ክው ብሏል። ግን ወንድሜ ይሰልላል እንጂ ልኬት አይዋሽም።

"ሰማንያ ሁለት ሳንቲ ሜትር" አለ ቀስ ብሎ።

እንደገና ሳቁ። እሷ ሻይዋን ጨረሰች፣ ብርጭቆዋን አጥባ ቦታው መለሰች፣ ቦርሳዋን ያዘች።

መንገድ ላይ አልተጣሉም። የነገረችውን እሱ ራሱ ነው አንድ ቃል ሳይቀንስ የነገረኝ። ቤታቸው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ቆመችና "እኔ ቀኑን ሙሉ መስኮት ውስጥ የምኖር ሰው ነኝ" አለችው። "አንዲት ሐሙስ ነበረችኝ። እሷም ላይ መስኮት አወጣህባት።"

ሐሙስ መጣ፣ አልሄደችም። እሱ ብቻውን ሲሄድ የትምህርት ቤት ኮሚቴውን አንተ ያዝልን አሉት። ወንበሯ ላይ አስቀመጡት። ለወራት የተመኘው ሳቅ ሁሉ በዚያ ክፍል ውስጥ ለሱ ሆነ፤ አንዱም አልጣመውም። ተነስቶ ይቅርታ ጠየቃቸው፣ ማህበሩን ለቀቀ፣ ወደ ቤት ሮጠ።

"ለቅቄያለሁ" አላት። "ተመለሺ። ዞር ብዬ አላይም።"

"አንዴ ተለክቷል እኮ" አለች። "አሁን እዚያ ስስቅ ስንት ሆነ እያልኩ ነው የምስቀው።"

ሐሙሶቹ እንዲሁ አለፉ። ሁለቱም ቤት ነበሩ። አንድ ላይ ተቀምጠው፣ እሱ ስለ ውሎው ማውራት እንኳ ትቶ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ምሽት "ከእንግዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ እወጣለሁ" አለችው። "የት እንደሆነ አትጠይቀኝ። ከጠየቅከኝ እሷንም እተዋለሁ።"

እየሮጠ እኔ ጋ መጣ። "የት ነው የምትሄደው?"

"አውቃለሁ" አልኩት። "አልነግርህም።" ለእናንተም አልነግርም።

"ወንድ አለ?"

"አንተ ልጅ፣ መቀሱ እጄ ላይ ነው።"

ለረጅም ጊዜ ቁራጭ ጨርቅ እየጠቀለለና እየፈታ ተቀመጠ። የእናታችንን ፊት አስታወሰኝ እንጂ የአባታችንን አልነበረም። ከዚያ "መጋረጃ ስፊልኝ" አለ። "የሳሎኑን መስኮት፣ በመንገዱ በኩል ያለውን። ወፍራም ይሁን፤ ምንም የማያሳይ።" ልኬቱን ቀድሞ ጽፎ አምጥቶ ነበር። አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አልሳተም።

መጋረጃውን ልሰቅል የሄድኩት ማክሰኞ ነው። እሱ ወጥ ቤት ሾርባ ይሰራል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ እራት የሱ ሆኗል። ሰቅዬ ጨርሼ ክሩን ስቆርጥ ከታች ከመንገዱ ሳቋ ተሰማ። ከት ያለ፣ ሳትሳሳ የለቀቀችው። አብሯት የሚስቅ ሌላም ድምጽ አለ። ሜትሩ ማንኪያ እንደያዘ ከወጥ ቤት ወጣ። መጋረጃው ጋ ደረሰ። እጁ ጨርቁን ያዘ። ሳቁ ከታች ቀጠለ፣ ደህና እደሩ ተባባሉ። እጁን ከጨርቁ ላይ ጣት በጣት አነሳና ወደ ሾርባው ተመለሰ።

ገባች። ሳመችኝ፣ መጋረጃውን አየችው፣ እሱን አየችው። ለእራት ተቀመጥን። አንድ ጊዜ ቀምሳ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ይሄ ሾርባ ምን ነካው? ጨው ብቻ እኮ ነው።"

"ሶስቴ ጨምሬበት ነው መሰለኝ" አለ አንገቱን ደፍቶ።

"ለምን?"

"ከታች ስትስቂ ሰማሁ። የማደርገውን አላውቅም ነበር። ቅናቱም አላለቀም፣ አሁንም እያቃጠለኝ ነው። ግን አልጠይቅሽም።"

አየችው። አፏ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተነሳ፣ ልትይዘው ሞከረች፣ አልሆነላትም። ሳቀች። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ እንባዋ እስኪመጣ፣ በገዛ ቤቷ፣ በዚያ ጨዋማ ሾርባ ላይ። ሜትሩ አፉን ከፍቶ ሲያያት ቆየ፤ ከዚያ እሱም ጀመረ።

እኔ መቀሴንና ክሬን ሰብስቤ ወጣሁ፤ መውጣቴን ያየ አልነበረም። ደረጃው ላይ ደርሼ ቆምኩ። በሩ ተዘግቷል፣ ሳቁ ግን ይሰማል፤ የሷ ይቀድማል፣ የሱ ይከተላል። እቤቴ የሚጠብቀኝ የስፌት መኪና ነው። መሄድ ሲገባኝ ግድግዳውን ተደግፌ ሰማሁ፤ ሳይታወቀኝ ጣቶቼን አንድ በአንድ አንቋቋለሁ። የጎረቤት በር ተከፈተና አንዲት ሴትዮ "ምነው፣ ሰው ፈልገው ነው?" አለችኝ።

"መንገዴ ነው" አልኳት።